ግራ እግር

ካምቢዮው ወርዷል፣ አጂፕ ከማደያው ኋላ፣
በሙዘይን ጋራዥ፣ በቆርቆሮ ጠለላ።
ማዳበሪያ ላይ ተዘርግቶ አንጀቱ፣
ሠላሳ ቀለበት ከነኩሽኔቱ፤
ዘይቱም ጠቁሮ፣
እንዳረረ ወተት ሸተተኝ አክርሮ።

«እህቴ» አለኝ፣ እጁን በጋዝ እየታጠበ፣
ዓይኔን እየሸሸ፣ ወለል እያነበበ፣
«ፍሪሲዮኑ ነዷል። ስድስቱም ተልጠዋል።
ፓምፑ ተፋፍቋል። ጎሚኒው ደርቋል።
ከዱባይ ነው እንግዲህ፤ ሰው አለኝ፣ ያመጣል።»
ጻፈ፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈ፣
አንዱን ሰረዘና ሌላ አሰለፈ፤
መቶ ዘጠና ሺህ።
የእጅ ሳይጨምር።
ዘይቱን ሳይጨምር።
ዝናቡ ነው ብዬ ባስደግመው ያን ቁጥር፣
ደገመው፤ አንድ ብር አልጎደለም ከዝርዝር።

እኔ መርካቶ ውስጥ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ፣
በነሐሴ መጨረሻ ብቻ ገበያ የሚያገኘኝ።
መቶ ዘጠና ሺህ ስንት ቀሚስ ነው? ስንት ኮሌታ?
ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ልጅ አለበስኩ ባንድ አፍታ፣
ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው በጭቃ፣
የሁሉም ትርፍ ተደምሮ ለአንድ ሣጥን ዕቃ።

«ሌላም አለ» አለኝ ነስሩ፣ ረዳቱ፣
ጭንቅላቱ ብቻ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ከነባትሪ መብራቱ።
«ማንዋል እንግጠምባት። ካምቢዮ አለ፣ ከታክሲ የወረደ።
አርባ ሺህ አይሞላም። ስንቱ በዚህ ሄደ።
አንድ ፔዳል መጨመር ነው፤ ግራ እግር ሥራ ያገኛል።»
ሳቀ።
ሙዘይን አልሳቀም። አባቴን ያውቃል።

አባቴ፣ ሸሪፍ አባ ሜጫ፣ የቡና ሚዛን ሠራተኛው፣
በሰባት ዓመቱ ትኩሳት ግራ እግሩን ያስተኛው፣
በሁለት እጁ አንስቶ በርጩማ ላይ የሚያስቀምጣት፣
«ይቺ እንግዳ» እያለ የሚጠራት፣
በሰማንያ አምስት፣ ከዕድር ተበድሮ፣ መሬት ሸጦ፣
ከጣውላው ነጋዴ ገዛት፣ ሊብሬዋን ጨብጦ፤
መርቸዲስ፣ የወይራ ቀለም፣ ወንበሯ የተሰነጠቀ፤
ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ሁለት ፔዳል እንዳላት ጠየቀ።
ሁለት ብቻ።
ነዳጅና ፍሬን። ለአንድ ጤነኛ እግር የተሠራች።
ከአዌቱ ድልድይ እስከ ጅሬን አቀበት ይዛው ወጣች።
እንግዳዋም ምንጣፉ ላይ፣ ጫማዋን ተወልውላ፣
ሥራ የማትነካ ወይዘሮ መስላ።

ሙዘይን ከክዳኑ ሥር አንድ ነገር ላጠ፤
ጓርኒሲዮን። የሱቅ አይደለም፤ በመቀስ የተቆረጠ፣
ከዱቤ ደብተር ልባስ፣ ዘይት ጠጥቶ ያበጠ።
«የአባቴ እጅ ነው» አለ፤ «ያኔ ቁልፍ አቀብል ነበር።
ደብተሩን አባትሽ አመጣ። ጓርኒሲዮን አልነበረም በአገር።»
ወደ ብርሃን ያዝኩት። የሱ ቀለም፣ የሱ ጽሕፈት፣
ቁጥሮቹ ሰጥመው፣ አንዲት ቃል ተርፋለች ከጥፋት፦
ቀሪ።
የማን ዕዳ፣ ስንት ብር፣ አይነበብም።
ሙዘይን ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም አልደገምኩም።

«የእጁን ዋጋ ተዪው» አለኝ፤ «አልተወውም» አልኩት፤
ተጨቃጨቅን፤ ኋላ ልጆቹን አሰብኩት፤
አምስት ናቸው። አምስት ዓመት፣ ቀሚስና ሱሪ።
ካርቶኑ ላይ ጻፈው፣ ከታች፣ ከመጨረሻው «ቀሪ»።
ለዱባዩ ዕቃ ዚግዛጓን መኪናዬን ሸጥኩ።
ኪሳራ ነው አለ ባሌ። ልክ ነው። አልተከራከርኩ።

በኅዳር ተነሳች።
ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ዛሬም ታመነታለች፤
ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ፣ ቆም ብላ ትሄዳለች።
«ይለቃታል» ይላል ሙዘይን። እስካሁን አለቀቃትም።

ጅሬን አቀበት ላይ ግራ እግሬ፣ ሥራ ፈትቶ፣
ጤነኛው፣ ጠንካራው፣ ፔዳል ፈልጎ አጥቶ፣
ምንጣፉ ላይ ጋደም አለ።
እንግዳ፣ አልኩት።
ጫማዬ ግን አልተወለወለም ነበር።